በደጋ አገር የነርስ ሥራ፤ ድካሙና ዋጋው በመንዝ ጓሳ ዙሪያ

የአገራችን ታሪክ ሲጻፍ የጦር አለቆችና የመኳንንት ስም ይቀድማል፤ ቁስል ያጠበና በሽተኛ ያስታመመ ሰው ግን ከስንት አንዴ ቢነሣ ነው። እኛም በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለን በ1847 ዓ.ም. በክሪሚያ ጦርነት ቁስለኞችን ስላስታመመችው ስለ ፍሎረንስ ናይቲንጌል ተምረናል፤ በገዛ ደጋችን ይህ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ግን የነገረን አልነበረም። ስለዚህ በዚህ አጭር ጽሑፍ ጉድለቱን በጥቂቱ ለመሙላት እንሞክራለን።

ጓሳ ከ3200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የመንዝ ደጋ ነው። ስሙን ያገኘው ጓሳ ከሚባለው ሣር ሲሆን፥ ሣሩ ለቤት ክዳን፥ ለገመድና ለጌሳ ያገለግላል። የአገሩ ሰው እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ መስኩን ቄሮ በሚባል ሥርዓት ይጠብቅ ነበር፤ ይኸውም መስኩ ለዓመታት ተከልክሎ ከቆየ በኋላ በስምምነት ይከፈት ነበር። ለሣሩ እንዲህ ያለ የጋራ ሕግ ሲኖር፥ በሽተኛን ማስታመም ግን ለእናት፥ ለሚስትና ለጎረቤት የተተወ ሥራ ነበር።

ብርዱ በጸናበት ደጋ ሰው በባናና በዝተት ተጠቅልሎ ያድራል። ውሃው ቀዝቃዛ፥ ማገዶውም ጥቂት ስለ ሆነ ልብስ አጥቦ መቀቀል ቀላል አይደለም። በዚህ ምክንያት የልብስ ቅማል ይራባል፤ ከቅማሉም ጋራ ተስቦና ግርሻ ይመጣሉ። ግርሻ እንደ ስሙ ነው፤ ትኩሳቱ ለቆት ሰውየው ዳንሁ ሲል ከቀናት በኋላ ተመልሶ ይነሣበታል።

ለግርሻ ፔኒሲሊንና ቴትራሳይክሊን ፍቱን መድኃኒቶች ናቸው። የነርሷ ፈተና ግን የሚጀምረው ከመድኃኒቱ በኋላ ነው። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ተሐዋስያኑ ሲሞቱ በሽተኛው ይንቀጠቀጣል፥ ትኩሳቱ ይጨምራል፥ የደም ግፊቱም ይወርዳል፤ በዚሁ ሰዓት የሚሞትም አለ። ቤተ ዘመዱ የሚያየው መርፌውንና ከመርፌው በኋላ የመጣውን መንቀጥቀጥ ብቻ ነውና ነርሷን ይጠረጥራል።

በደጋው ያገለገሉ አንዲት ጡረተኛ ነርስ ይህንኑ እንዲህ ሲሉ ነገሩን። «ልጁ ሲንቀጠቀጥ እናቲቱ እጄን ይዘው ‹ልጄን መልሺልኝ› አሉኝ። ‹እማማ፥ እስኪነጋ ከዚህ አልነሣም› አልኋቸው። ሲነጋ ልጁ ውሃ ለመነ። እናቲቱም ምንም ሳይናገሩ የገብስ ቆሎ በእጄ አስጨበጡኝ።» ደመወዛቸውን ስንጠይቃቸው ግን ሣቁ እንጂ አልመለሱልንም።

ዘመናዊው የነርስነት ሙያ በአገራችን ሲታወቅ፥ ፊተኛ ስማቸው ከሚጠራው አንዷ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። በስደት ዘመን በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ተምረው በ1931 ዓ.ም. በነርስነት ተመረቁ። ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ቢመለሱም፥ በ1934 ዓ.ም. በለቀምት ሳሉ በወሊድ ሳቢያ ገና በ22 ዓመታቸው ዐረፉ። የንጉሠ ነገሥት ልጅና የተማረች ነርስ መሆን እንኳ ከዚህ ሞት ካላዳነ፥ ከሐኪም ቤት ርቃ በምትወልድ የባላገር ሴት ላይ ያለው አደጋ ምን ያህል እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

ከዚያ ወዲህ በአዲስ አበባ የነርሶች ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። በደምቢያ ወባ ብዙ ሺህ ሰው ከፈጀ በኋላም በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቁሞ የጤና መኮንኖችን፥ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የጤና ጥበቃ ሠራተኞችን ለገጠሩ ማሠልጠን ጀመረ። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር ደግሞ ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች ሠልጥነው እንዲመደቡ ታሰበ። እነዚህ ሴቶች በሙያ ማዕርግ ነርሶች ባይባሉም፥ ቤት ለቤት የሚዞሩት ድካሙን ተካፋዮች ናቸው።

ሆኖም ትምህርት ቤት መከፈቱ ዳገቱን አላሳጠረውም። መንገድ በሌለበት ዛሬም ምጥ የያዛትን ሴት ጎረቤት ተፈራርቆ በቃሬዛ ይሸከማታል። እኛ ግን በዚህ ሸክም ውስጥ ችግሩን ብቻ ሳይሆን ኀይሉንም እናያለን። መስክን በአንድ ቃል መጠበቅ የቻለ ሕዝብ ለበሽተኛውም በአንድነት ይነሣል፤ የነርሷም ድካም ፍሬ የሚያገኘው ይህ ሕዝብ ሲያምናት ነው። እምነቱም የሚገኘው በትእዛዝ ሳይሆን፥ በሽተኛው ሲንቀጠቀጥ እስኪነጋ አጠገቡ በመቀመጥ ነው።

የቀደሙት ነርሶች እያረጁ ነው። የምንጽፍ ተማሪዎች ሁሉ በየአውራጃችን እየሄድን፥ ሳያልፉ ቃላቸውን ብንጠይቅና ብንመዘግብ፥ ለታሪካችን የጎደለውን ገጽ እንሞላለን ብለን እናምናለን።