እትዬ አዜብ
በትግራይ አፈ ታሪክ የንግሥተ ሳባ ስም። ሕዝቡ አርዌ ለተባለ ዘንዶ ሴት ልጆቹን ይገብር ነበር፤ ተራዋ ደርሶ ዛፍ ላይ የታሰረችውን አዜብን ቅዱሳን ዘንዶውን ገድለው አዳኗት። ደሙ ግን ተረከዟ ላይ ጠብ ብሎ የአህያ ኮቴ አደረገው። ሕዝቡ አነገሣት። ፈውስ ፍለጋ ወደ ሰሎሞን ስትሄድ እሷም ሴት ሹሟም ፀጉራቸውን እንደ ወንድ ተሠርተው ሰይፍ ታጠቁ። እግሯ ደጃፉን ሲረግጥ ዳነ፤ ሰሎሞን ግን ማዕድ ላይ አበላላቸውን አይቶ ወንድነታቸውን ተጠራጠረ። ከዚያ ጉዞ የሰሎሞን ልጅ ምኒልክ ተወለደ። በክብረ ነገሥት ማክዳ የምትባለው ንግሥት ጥበብ ፈላጊ ናት፤ የአህያ ኮቴ የላትም። ለተረት ወዳጅ የትግራይዋ ትበልጣለች። የትግራዩን ትርክት ጀርመናዊው ኤኖ ሊትማን በ1904 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል፤ የአዲስ አበባ ባህላዊ ሠዓሊዎችም የንግሥቲቱን ታሪክ በተከታታይ ሥዕሎች ይሠሩታል።