እማሆይ ድመት

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ እሳቱንም ቆስቁሱት። ዛሬ የማጫውታችሁ የአንዲት መነኩሲት ነገር ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን እመት ድመት አረጀች። ጉልበቷ ዛለ፤ አይጥ ዓይኗ እያየ ያመልጣት ጀመር። ብታወጣ ብታወርድ፣ ቆብ ደፍታ መቁጠሪያዋን አንጠልጥላ ብቅ አለች። «ከእንግዲህ ሥጋ በአፌ አይዞርም፤ የበደልኳችሁ ይቅር በሉኝ» ስትል አይጦች እልልታውን አቀለጡት። አንዲት ጅራተ ቆራጣ አሮጊት አይጥ ብቻ «እኔስ ከጉድጓዴ ሆኜ እሳለማለሁ» ብላ ቀረች። የቀሩት ጉልበት ሊስሙ ተሰልፈው ገቡ። እማሆይ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ፊተኛው አይጥ ጎንበስ ሲል የእማሆይ ጆሮ ቀና አለ። ከዚያ በኋላ የተሰማው የመቁጠሪያው መበተን ነው።

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የተባለው እንዲህ ነው። በእኛ በጎጃሟ አማኑኤል ከተማ ቃል ገብቶ ወደ ቀድሞው ለሚመለስ ሰው ይህች ተረት ሳትጣል አትቀርም። እኔ ግን ስለ ድመቷ የምሟገተው አለኝ። ጎጃም የቅኔ አገር አይደለም? ሰሙን ብቻ ይዘን ወርቁን ለምን እንተወዋለን?

ያ አመል ከየት እንደመጣ ስሙኝ። የቤት ድመት እናቷ የአፍሪካዋ የዱር ድመት ናት። በእኛም አገር ከቆላ እስከ ደጋ አለች። ከአነር ጋር እንዳታምታቷት፤ አነር እግረ ረጅም፣ ነጠብጣብ፣ እሷን እጥፍ የሚያስከነዳ ነው። የዱር ድመት መልኳ እንደ ገለባ ነው፦ ግራጫና ቡኒ የተቀላቀለ፣ ፈዘዝ ያለ ዝንጉርጉር። ጅራቷ ቀጭን፣ ጫፉ ጥቁር፣ ከጫፉ ከፍ ብሎ እንደ አምባር የዞሩ ጥቁር መስመሮች አሉት። ከሁሉ በላይ ጆሮዋን እዩ፤ ጀርባው ቀላ ይላል።

በ2007 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች የ979 ድመቶችን ዘር መርምረው፣ በዓለም ዙሪያ ያለው የቤት ድመት ሁሉ ዘሩ ከዚችው ከዱሯ እንደሚመዘዝ አሳወቁ። ከዚያ በፊት፣ በ2004፣ በቆጵሮስ ደሴት 9,500 ዓመት ያስቆጠረ መቃብር መገኘቱ ተነግሮ ነበር። ከሰውዬው አጠገብ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ አንዲት ድመት ተቀብራለች። ቆጵሮስ የራሷ ድመት ያልነበራት ደሴት ናትና ባሕሩን በጀልባ ያሻገራት ሰው ነው።

ታዲያ ማን አስገደዳት? በሬውን ቀንበር፣ ፈረሱን ልጓም ጫንንበት። ድመትን ግን እህሉ ጠራት። ሰው አጭዶ ሲያከማች አይጥ መጣ፤ አይጥን ተከትላ እሷ መጣች። እኛም አላባረርናትም። ውላችን ይኸው ነው። እንግዲህ አመሏን የረሳች ዕለት የእኛ የማቻከል ገበሬ ጤፍና ገብስ ምን ይውጠዋል? ብራናውስ? ብራና ቆዳ ነው፤ አይጥ ከገባበት የአንድ ጸሐፊ የዓመታት ድካም በጥቂት ሌሊት ይጎረደማል።

አሁን አሁን በድመት ፈንታ መርዝ እየገባ ነው። መርዝ የበላ አይጥ እየተንገዳገደ ይወጣል፤ ለድመት ከእሱ የቀለለ አደን የለም። እሷም በልታው ልትሞት ትችላለች፤ የዱሯም እንዲሁ። ይህን ሳስብ ሆዴ ይባባል። ሌላም አለ፦ የዱሯ ከቤቷ ጋር እየተዳቀለች ንጹሕ ዘሯ እየሳሳ ነው። ጥይት ሳይተኮስ፣ ወጥመድ ሳይጠመድ፣ በፍቅር ማለቅ ማለት ይህ ነው።

አያቴ ቤት ቡሬ የምትባል ድመት ነበረች። ማታ ማታ የገብሱ ጎታ አናት ላይ ትወጣለች። እኔ መደብ ላይ ተኝቼ ጆሮዋን እመለከታለሁ። አንደኛው ወደ በሩ ሲዞር ሌላኛው ወደ ጎታው ሥር ይዞራል፤ ጭንቅላቷ ግን ንቅንቅ አይልም። ከዚያ የኋላ እግሮቿ ቦታ እንደሚመርጥ ሰው ግራ ቀኝ ይረግጣሉ። ከዚያ የለችም። እህሉ ውስጥ ኮሽ ይልና ዝም።

አንድ ኅዳር ላይ፣ አጨዳው ሳያልቅ፣ ቡሬ ከባሕር ዛፉ ወዲያ ወደ ቃርሚያው ወጥታ ሦስት ሌሊት ቀረች። ሁለት ወር ቆይታ አራት ግልገል ወለደች። ሦስቱ እንደ እናታቸው ነበሩ። አራተኛዋ እግሯ ረዘም፣ የጆሮዋ ጀርባ ቀላ ያለ። ወተት በጣባ ስናቀርብላት ሰው እስኪርቅ ትጠብቃለች። ልይዛት ስል ቧጥጣኝ ካብ ላይ ወጣችና ቀጥ ብላ ተቀምጣ አየችኝ። እኔ እጄን ይዤ አለቀስኩ።

አያቴ ቁስሌን በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገች ወደ ካቡ ቀና አለች። «ተዋት ልጄ» አለችኝ፤ «እሷ መች መነኮሰች።»