የቅንጡ መኪና አገሩ የት ነው? ከሪያድ የሚታዩ ሁለት ምሳሌዎች

በሪያድ ጎዳናዎች የእንግሊዝ፣ የጀርመን፣ የጣሊያንና የአሜሪካ ስም የያዙ ቅንጡ መኪኖች ጎን ለጎን ሲጓዙ ማየት የተለመደ ነው። ተመልካቹ ሁሉንም በትውልድ አገራቸው ይለያቸዋል። የባለቤትነት መዝገባቸው ሲገለጥ ግን ነገሩ ይለወጣል። እንግሊዛዊ የሚባለው ሮልስ ሮይስ የጀርመኑ ቢኤምደብሊው፣ ቤንትሌይም የጀርመኑ ቮልስዋገን ንብረት ነው። ጃጓር ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሕንዱ ታታ፣ የስዊድኑ ቮልቮ ደግሞ ከ2010 ጀምሮ የቻይናው ጂሊ ይዞታ ሆኗል። ስሙ የአንድ አገር፣ ገንዘቡ የሌላ አገር ከሆነ መኪናው የማን ነው?

ለሪያድ ይህ የሩቅ ጥያቄ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 የተቋቋመው የሳዑዲ ዓረቢያ የሕዝብ ኢንቨስትመንት ፈንድ ዋና መሥሪያ ቤቱ በከተማዋ የንጉሥ አብዱላህ የፋይናንስ ወረዳ ይገኛል። ፈንዱ በራዕይ 2030 መሠረት ኢኮኖሚውን ከነዳጅ ጥገኝነት ለማላቀቅ በተያዘው ዕቅድ የመኪና ኢንዱስትሪን አንዱ መስክ አድርጎታል። ገንዘቡን ካፈሰሰባቸው ድርጅቶች መካከል የእንግሊዙ አስተን ማርቲንና የአሜሪካው ሉሲድ የመኪናን ብሔራዊ ማንነት ከሁለት ተቃራኒ አቅጣጫዎች ያሳያሉ።

የባለቤቶች መፈራረቅ

አስተን ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1913 በለንደን በላየነል ማርቲንና በሮበርት ባምፎርድ ተመሠረተ። የስሙ አንደኛው ክፍል ማርቲን ከተወዳደሩበት የአስተን ኮረብታ፣ ሁለተኛው ከራሳቸው ስም የተወሰደ ነው። ድርጅቱ በታሪኩ በተደጋጋሚ ለኪሳራ ተዳርጓል። በ1947 የትራክተርና የጥርስ ማርሽ አምራች የነበሩት ዴቪድ ብራውን ገዙት፤ የታወቁት የ«ዲቢ» ሞዴሎች ስያሜም ከእርሳቸው ስም መነሻ ፊደላት የመጣ ነው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ዲቢ5 በ1964 በጄምስ ቦንድ ፊልም ከታየ በኋላ መኪናው በዓለም ዙሪያ የእንግሊዝ ምልክት ተደርጎ ተቆጠረ።

ከዚያ ወዲህ ግን ባለቤትነቱ ከአገር አገር ተዘዋውሯል። የአሜሪካው ፎርድ በ1987 አብላጫውን ድርሻ ያዘ። በ2007 የኩዌት ባለሀብቶች የተሳተፉበት ቡድን ገዛው። በ2020 በካናዳዊው ባለሀብት ሎረንስ ስትሮል የሚመራ ቡድን ገባ። በ2022 የሳዑዲው ፈንድ 16.7 በመቶ ድርሻ በመያዝ ከስትሮል ቡድን ቀጥሎ ሁለተኛው ትልቁ ባለአክሲዮን ሆነ። በ2023 ደግሞ የቻይናው ጂሊ ድርሻውን ወደ 17 በመቶ ገደማ አሳደገ። በፎርሙላ ዋን ውድድርም የቡድኑ ስም ከሳዑዲው የነዳጅ ኩባንያ ከአራምኮ ጋር ተጣምሮ ይጠራል።

ይህ ሁሉ ሆኖ መኪናው እንግሊዛዊ መባሉን አልተወም። ምክንያቱም ዲዛይኑ የሚወጣበት፣ መኪኖቹም የሚገጣጠሙበት ስፍራ እዚያው ብሪታንያ ነው። የስፖርት መኪኖቹ በእንግሊዝ ጌይደን፣ ዲቢኤክስ የተባለው ከፍ ያለ መኪና ደግሞ በዌልስ ሴንት አታን ይሠራሉ። ባለአራት በሩ ራፒድ ከ2010 ጀምሮ በኦስትሪያዋ ግራትስ ከተማ ሲመረት ቢቆይም በ2012 ምርቱ ወደ ጌይደን ተመልሷል። ገንዘቡ ከየትም ቢመጣ የሙያው እጅ ከቦታው አልለቀቀም።

ሞተሩ ከየት ነው?

የማንነቱ ፈተና ከአክሲዮኑ ይልቅ ከውስጥ አካሉ ይጀምራል። በፎርድ ዘመን የአስተን ማርቲን ሞተሮች በጀርመኗ ኮሎኝ ይገጣጠሙ ነበር። በኋላም ባለስምንት ሲሊንደር ሞተሮች ከጀርመኑ መርሴዲስ ኤኤምጂ መምጣት ጀመሩ። በዓመት ስድስት ሺህ ገደማ መኪና ብቻ የሚሸጥ አምራች አዲስ ሞተር ከመነሻው ለመፍጠር የሚጠይቀውን ወጪ ብቻውን መሸከም ይከብደዋል።

የኤሌክትሪክ ዘመን ይህን ጥገኝነት ያሰፋዋል። በሰኔ 2023 እ.ኤ.አ. በተደረሰ ስምምነት ሉሲድ ለአስተን ማርቲን የኤሌክትሪክ ሞተርና የባትሪ ቴክኖሎጂ ለማቅረብ፣ በምላሹም ከክፍያው ሌላ አክሲዮን ለመውሰድ ተስማማ። የሳዑዲው ፈንድ በአቅራቢውም በገዢውም ድርጅት ውስጥ ባለድርሻ ነው። የሞተር ድምፅ ለአንድ የስፖርት መኪና እንደ ባሕርዩ ይቆጠር ነበር፤ ድምፁ ሲጠፋና ኃይሉ ከሌላ ሲገዛ ግን ማንነትን የሚሸከሙት ቅርጹ፣ የአነዳዱ ስሜትና የውስጥ ቆዳ ሥራው ብቻ ይሆናሉ።

ባለቤትነት ብቻውን ሲያንስ

ሉሲድ የዚህን ተቃራኒ ያሳያል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2007 በካሊፎርኒያ በአቲቫ ስም የተቋቋመ ሲሆን መኪናውን በአሪዞና ያመርታል። ከግማሽ በላይ ድርሻው የሳዑዲው ፈንድ ነው። እንዲህም ሆኖ መኪናው አሜሪካዊ እንጂ ሳዑዲያዊ ሲባል አልኖረም፤ ሥራው የሚሠራው በአሜሪካ ነበርና።

ይህ መለወጥ የጀመረው በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ከጅዳ በስተሰሜን በንጉሥ አብዱላህ የኢኮኖሚ ከተማ ፋብሪካ ሲከፈት ነው። ፋብሪካው በመጀመሪያው ምዕራፍ ከአሜሪካ በከፊል ተዘጋጅተው የሚመጡ መኪኖችን በዓመት እስከ 5,000 እንዲገጣጥም የታቀደ ሲሆን፣ በሂደት ሙሉ ምርት ጀምሮ የዓመት አቅሙን ወደ 155,000 የማድረስ ግብ ተይዟል። የሳዑዲ መንግሥትም በአሥር ዓመት ውስጥ እስከ 100,000 የሉሲድ መኪኖችን ለመግዛት በ2022 ተስማምቷል። በዚያው ዓመት ፈንዱ ከታይዋኑ ፎክስኮን ጋር ሲር የተባለውን የመጀመሪያውን የሳዑዲ የኤሌክትሪክ መኪና ስም አስተዋውቋል። ሲር በአገር ውስጥ እንዲነደፍና እንዲመረት ቢታሰብም የአካላት ቴክኖሎጂን ከቢኤምደብሊው በፈቃድ ይወስዳል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎችም አዲስ አይደለም። ሆላንድ ካር የተባለው ድርጅት በኢትዮጵያ የገጣጠማቸውን መኪኖች ዓባይን በመሳሰሉ የወንዞቻችን ስሞች ጠርቷቸው ነበር። ዓባይ የተባለችው መኪና ግን ንድፏ የቻይናው ሊፋን ነበር። ድርጅቱ ሥራውን ካቆመ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስሙ ኢትዮጵያዊ ቢሆንም ንድፉና ዋና ዋና አካላቱ ከውጭ የሚመጡ ነበሩ።

እነዚህ ምሳሌዎች ሲደመሩ አክሲዮንም ሆነ ስም የመኪናን አገር በራሱ እንደማይወስን ያሳያሉ። አስተን ማርቲን ባለቤቱ ሲለዋወጥ እንግሊዛዊ ሆኖ የቆየው ንድፉና የእጅ ሙያው በቦታቸው ስለቀሩ ነው። የሉሲድ ወይም የሲር መኪና ሳዑዲያዊ ለመሆን የሚበቃውም በምርቱ ላይ በሚለጠፈው ምልክት ሳይሆን፣ በፋብሪካው ውስጥ ከመገጣጠም አልፎ መንደፍን፣ ባትሪና ሞተር መሥራትን የሚችል ባለሙያ ሲበዛ ነው። ፋብሪካን በገንዘብ በጥቂት ዓመታት መትከል ይቻላል፤ ሙያ ግን ከእጅ ወደ እጅ እስኪተላለፍ ጊዜ ይፈልጋል። የመኪናው አገርም ያ ሙያ የተቀመጠበት ነው።