በአንድ አየር ብዙ ተናጋሪ

ዛሬ በአንድ ቤት ውስጥ አባት ዜና ያያል፣ ልጅ ትምህርቱን ይከታተላል፣ እናት ውጭ አገር ካለች እህቷ ጋር ታወራለች፤ ሁሉም በአንድ ዋይፋይ ነው። አየሩ አንድ ሆኖ ሳለ የአንዱ መልእክት ከሌላው ሳይደባለቅ እንዴት ይደርሳል? ታሪኩ ከሃዋይ ደሴቶች ይጀምራል። (ዘመኑን ሁሉ የጻፍነው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ትልቁ ኮምፒዩተር ሆኖሉሉ ነበር፤ ቅርንጫፍ ኮሌጆቹ ግን በየደሴቱ ተበታትነው ባሕር ለያይቷቸዋል። በስልክ መስመር መገናኘት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ሰውየው አንድ ቃል ጽፎ ሲያስብ መስመሩ ሥራ ይፈታል፣ ሒሳቡ ግን ይቆጥራል። ስለዚህ ፕሮፌሰር ኖርማን አብራምሰንና ጓደኞቻቸው በ1968 በሬዲዮ ሊያገናኙት ተነሡ። (ፕሮፌሰሩን ወደ ሃዋይ የሳባቸው በማዕበል ላይ የመንሸራተት ፍቅር ነው ይባላል።)

ለእያንዳንዱ ጣቢያ ተራ መስጠት ይቻል ነበር። ታዲያ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ከሌለው ተራው በከንቱ ያልፋል። እሳቸው ዳኛውን ጭራሽ አስቀሩት፤ መልእክት ያለው ዝም ብሎ ይላክ አሉ። በደኅና ከደረሰ የመሐሉ ጣቢያ «ደርሶኛል» ይላል። ሁለት ጣቢያዎች እኩል ልከው ከተጋጩ ሁለቱም ይበላሻሉ፤ መልስ ያጣው ጥቂት ቆይቶ ይደግማል። ቁም ነገሩ ያለው በዚህ መቆየት ላይ ነው። ሁለቱም እኩል ከጠበቁ፣ በር ላይ ተገናኝተው «ይለፉ»፣ «ኧረ እርስዎ ይለፉ» ሲባባሉ ቆይተው እኩል እግር እንደሚያነሡ ጨዋዎች፣ እንደገና ይጋጫሉ። ስለዚህ የጥበቃው ርዝመት ለየራሳቸው እንደ ዕጣ ይወጣል።

አሎሃ የተባለው ይህ መረብ በሰኔ 1971 ሥራ ጀመረ። ነፃነቱ ግን ዋጋ ነበረው፤ ቢበዛ ከአየሩ ጊዜ ለቁም ነገር የሚውለው ከመቶ 18 እጅ ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ሲጨናነቅ ግጭት ድጋሚን፣ ድጋሚ ደግሞ ግጭትን እየወለደ ነገሩ ሁሉ ይቆማል። በ1972 ላሪ ሮበርትስ መላክ የሚጀመረው በሰዓት ምት ላይ ብቻ ይሁን ብለው ልኩን እጥፍ አደረጉት።

በ1973 ካሊፎርኒያ ውስጥ ዜሮክስ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ሮበርት ሜትካፍ የአብራምሰንን ሐሳብ ወደ ሽቦ ወሰዱት። ከመናገር በፊት አዳምጥ፤ ግጭት ከሰማህ አቁም፤ ግጭቱ ከተደጋገመ ጥበቃህን አስረዝም። ኤተርኔት የሚባለው ይህ ነው።

በሽቦ የሠራው ግን እንዳለ ወደ አየር አይመለስም። ሬዲዮ በሚናገርበት ሰዓት የገዛ ድምፁ ያደነቁረዋል፤ ግጭቱን አይሰማም። ከዚህ የባሰም አለ። በ1975 ቶባጊና ክላይንሮክ እንዳስረዱት፣ ሁለት ጣቢያዎች ለመሐለኛው እየተሰሙ እርስ በርሳቸው ላይሰማሙ ይችላሉ። በድንኳን ወዲህና ወዲያ ጫፍ ተቀምጠው መሐል ላለው ጸሐፊ እኩል እንደሚናገሩ ሰዎች ነው። ሁለቱም አዳምጠዋል፣ ሁለቱም ጥፋት የለባቸውም፤ ጸሐፊው ግን ምንም አልሰማም።

መላው በ1990 ፊል ካርን ባቀረቡት ዘዴ መጣ። ላኪው አስቀድሞ «ልላክ?» ይላል፤ መሐለኛው «ላክ» ሲል ጠያቂውን ያልሰማውም መልሱን ሰምቶ ዝም ይላል። ይህም በ1997 በወጣው የዋይፋይ ደንብ ገባ። ለአጭር መልእክት ግን ጥያቄው ራሱ ጊዜ ስለሚበላ ብዙ ጊዜ ማዳመጡና ዕጣው ይበቃል።

ኋላ ዳኛውም ተመልሷል፤ በ2021 የጸደቀው ደንብ የመሐሉ ጣቢያ ራሱ ተራ እንዲያድል ፈቅዷል። አሎሃ ግን አልሞተም። በእጅ ስልክ ስንደውል፣ መስመር እንዲሰጠን ስልካችን መጀመሪያ የሚልካት አጭር ጥያቄ ዛሬም በአብራምሰን መንገድ ትሄዳለች። መርዶ ተሰምቶ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ስልኩን ሲያነሣ፣ እነዚያ ጥያቄዎች አየር ላይ እየተጋጩ ዕጣቸውን ይጠብቃሉ።