ዕርቁ የማን ነው? ጠለፋ፣ ሽምግልና እና የተሃድሶ ፍትሕ ጥያቄ



የዛሬው ጥያቄዬ አጭር ነው። በወሲባዊ ጥቃት ጉዳይ «ዕርቅ ወረደ» ሲባል የታረቁት እነማን ናቸው?

በተማሪነቴ ዘመን የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ይሠራበት ነበር። ሕጉ ጠለፋን በአንቀጽ 558 ይቀጣል፤ ሆኖም ተበዳይቱ በነጻ ፈቃዷ ጠላፊዋን ካገባች ክስ አይቀርብም ይላል። ያን ጊዜ አንብቤው አልፌያለሁ። የቆምኩበት ኋላ ነው፤ ያ «ነጻ ፈቃድ» እንዴት እንደሚገኝ ስጠይቅ። ጠላፊው ሽማግሌ ይልካል፤ ሽማግሌዎቹ ከአባቷ ጋር ይነጋገራሉ፤ ካሣ ይቆረጣል፤ ደም ሳይፈስ ነገሩ ይበርዳል። የሁለት ቤተሰብ ሰላም በእርግጥ ይጠገናል። ልጅቱ ግን ከሸንጎው አልተጠራችም።

ሕጉ የተለወጠው በትግል ነው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠላፊዋን ተኩሳ የገደለች የ14 ዓመት ልጅ ጠበቃ ሆኖ ቆመ፤ ፍርድ ቤቱም ራስን መከላከል ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ጋብቻ የጠላፊን ተጠያቂነት እንደማያስቀር ደነገገ።

ታዲያ ፍርድ ቤት ብቻውን ይበቃልን? በ1993 ዓ.ም. በ13 ዓመቷ የተጠለፈች ልጅ ጉዳይ አይበቃም ይለናል። አጥፊው 10 ዓመት ተፈርዶበት ሳለ በይግባኝ ተለቀቀ። የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን መንግሥት 150,000 ዶላር እንዲክሳት የወሰነው በ2008 ዓ.ም. ነው።

በዚህ ምክንያት በሌላው ዓለም ያሉ የሴቶች መብት አሳቢዎችም ለሁለት ተከፍለዋል። ካትሊን ዴሊ በደቡብ አውስትራሊያ የወጣት አጥፊዎችን ጉዳዮች መርምራ፣ ከፍርድ ቤት ይልቅ ፊት ለፊት የሚደረገው ጉባኤ ለተበዳዮች የተሻለ ዕውቅና ሊሰጥ እንደሚችል ተከራከረች። ሌሎች ደግሞ የኃይል ሚዛን ባዘነበለበት ዕርቅ ደካማዋን መልሶ ይጎዳል ይላሉ።

እኔ የታሪካችንን ትምህርት የማየው በዚህ መካከል ነው። ሽምግልናችን የቤተሰብን ክብር ይጠግናል እንጂ የተጎዳችውን ለመጠገን አልታሰበም። ተሃድሶ ፍትሕ ሊባል የሚችለው እርሷ ስትጠይቀው፣ አጥፊው ጥፋቱን ሲያምን፣ እርሷም እምቢ ስትል የፍርድ ቤቱ በር ክፍት ሆኖ ሲቆያት ብቻ ነው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 34 ባህላዊ ዳኝነትን ለግልና ለቤተሰብ ጉዳይ ሲፈቅድ የተከራካሪዎችን ፈቃድ ይጠይቃል። እምቢ ማለት የማትችል ልጅ ፈቀደች አይባልም።

ስለዚህ ወደ መስክ ስትወጡ ሽማግሌዎቹን ምን እንደወሰኑ ብቻ አትጠይቁ፤ ውሳኔው ሲሰጥ ልጅቱ የት እንደነበረችም ጠይቁ።