ማገዶና መብራት በአዲስ አበባ ታሪክ

የአንድ ዋና ከተማ ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ ጸሐፊዎች አስቀድመው የሚመለከቱት ቤተ መንግሥቱን፥ አብያተ ክርስቲያናቱን፥ መንገዱንና ገበያውን ነው። ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚያ ከተማ የኖረው ሕዝብ እንጀራውን በምን እሳት እንደ ጋገረ፥ ማገዶውስ በማን ጀርባ ተጭኖ እንደ መጣ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ማገዶ ግን እንደ ተራ ነገር የሚታለፍ አይደለም። አዲስ አበባን ገና በልጅነቷ ከሥፍራዋ ሊያስለቅቃት ተቃርቦ የነበረው የማገዶ እጦት ነበረ።

ዛሬ አገራችን ከእንጨትና ከከሰል ወደ ታዳሽ የኤሌክትሪክ ኃይል ለመሻገር በምትደክምበት ጊዜ ይህን ታሪክ መመርመር ይጠቅማል። ኃይል በተለወጠ ቍጥር ድካሙ ከማን ላይ እንደ ወረደና በማን ላይ እንደ ቀረ ካላወቅን፥ ለሚመጣው የምናወጣው ዕቅድ ጎዶሎ ይሆናልና።

«ከተማ» የሚለው ቃል በቀድሞ ዘመን የነገሥታትን የጦር ሰፈር ያመለክት ነበር። ከጎንደር መመሥረት በፊትም፥ የጎንደር ኃይል ከደከመ በኋላም፥ ብዙዎቹ ነገሥታት መናገሻቸውን በድንኳን ይዘው ከአገር ወደ አገር ይዘዋወሩ እንደ ነበር የታወቀ ነው። የመዘዋወራቸው ምክንያት ብዙ ነው፤ ግብር ማስገበር፥ ሽፍታን መቅጣት፥ ዳር አገርን መጠበቅ ያስፈልግ ነበር። ከነዚህ ጋር አብሮ የሚቈጠረው ስንቅና ማገዶ ነው። ብዙ ሺህ ሰው በአንድ ሥፍራ ሲሰፍር በዙሪያው ያለው ዛፍ ቶሎ ያልቃል፤ ዛፉ ሲያልቅም ሰፈሩ ይነሣል። እንግዲህ በዚያ ዘመን እንጨቱ ሲርቅ ከተማው ራሱ ወደ እንጨቱ ይሄድ ነበር ማለት ነው።

በሰፈሩ ውስጥ ሥራው የተከፋፈለ ነበር። ወንዱ ጋሻና ጦር ሲይዝ፥ ሠራዊቱን የሚከተሉት ሴቶች እህል ይፈጫሉ፥ ጠላና ጠጅ ይጥላሉ፥ ውሃ ይቀዳሉ፥ እንጨት ይለቅማሉ። ከሴቶቹም መካከል እኩልነት አልነበረም። ወይዘሮዋ በበቅሎ ስትጓዝ፥ ገረዲቱና ባሪያይቱ ሸክማቸውን ይዘው በእግር ይከተሉ ነበር። በገጠርም የነበረው ሥርዓት ከዚህ የራቀ አይደለም። «ጭሰኛ» የሚለው ስም የወጣው ከጭስ ነው፤ በሌላ ሰው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ እሳት የሚያነድ ማለት ነው። ጭሰኛው ለባለ መሬቱ ከሚያደርሰው እህል ሌላ እንጨት የማቅረብ ግዴታ ሲኖርበት፥ ሚስቱ ደግሞ ለጌታው ቤት እህል ትፈጭ ነበር። ስለዚህ የማገዶ ነገር ከጥንት ጀምሮ የጾታም የመደብም ነገር ሆኖ የኖረ ነው።

ዳግማዊ አጼ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በእንጦጦ ተራራ ላይ ከትመው ነበር። በ1879 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ በፍልውሃ አካባቢ አዲስ ከተማ ተቈረቈረ፤ እቴጌ ጣይቱም አዲስ አበባ ብለው ስም አወጡላት። መኳንንቱና የጦር አለቆቹ በየሰፈራቸው መሬት እየተሰጣቸው ሠፈሩ። ከዐድዋ ድል በኋላ ደግሞ የሕዝቡ ቍጥር እየበዛ፥ የውጭ አገር መልእክተኞችና ነጋዴዎች እየተጨመሩ ሄዱ። በእንጦጦና በዙሪያው የነበረው ጽድና ወይራ ለቤት፥ ለአጥርና ለማገዶ እየተቈረጠ አለቀ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ላይ እንጨት የሚገኘው ከሩቅ ብቻ ስለ ሆነ፥ ንጉሠ ነገሥቱ እንደ አባቶቻቸው ልማድ መናገሻቸውን በስተ ምዕራብ ወዳለችው ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አሰቡ። በዚያም ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር።

አሳቡ ሳይፈጸም የቀረው በአንድ ዛፍ ምክንያት ነው። ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን ገብቶ ነበር። ይህ ዛፍ እንደ ጽድና እንደ ወይራ ረጅም ዘመን አያስጠብቅም፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለማገዶና ለቤት ሥራ ይደርሳል። ሲቈረጥም ከጉቶው እንደገና ያቈጠቍጣል። ቅጠሉን ከብት አይበላውም። አጼ ምኒልክ ይህን ጥቅሙን ተመልክተው ሕዝቡ እንዲተክለው አበረታቱ፤ ችግኝ በርካሽ እንዲከፋፈልም አደረጉ። ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ ራቁቱን የነበረው የከተማዪቱ ዙሪያ በደን ተሸፈነ። በአዲስ ዓለም የተጀመረውም ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ አዲስ አበባም በሥፍራዋ ጸናች።

የታሪክ ጸሐፊዎች ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን አዳናት ይላሉ፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ዛፉ ከተራራው ተነሥቶ ወደ ማድቤት በእግሩ አልመጣም። ቀድሞ እንጨቱ ሲርቅ ከተማው ይሄድ ነበር፤ ከተማው ከጸና በኋላ ግን በከተማው ፈንታ ሰው መሄድ ነበረበት። የሄደችውም ድሃዪቱ ሴት ናት።

ይህ የሆነበት ምክንያት ከመሬት ይዞታ ጋር የተያያዘ ነው። ዛፉ የተተከለው መሬት በነበራቸው ሰዎች ርስት ላይ ነው። ግንዱ ለቤት ማገርና ለአጣና ይሸጥ ነበር፤ ተፈልጦም በአህያ፥ ኋላም በመኪና ተጭኖ ወደ ገበያ ይወርድ ነበር። ቈራጩም፥ ፈላጩም፥ ነጋዴውም ወንድ ነው፤ ገንዘቡም በወንድ እጅ ይገባል። ለሴቲቱ የተረፈላት ከመሬት የወደቀው ጭራሮና ቅጠል ነው። ባሏ የሞተባት፥ የተፋታች ወይም በትውልድ አገሯ ከመሬት ድርሻ ያጣች ሴት ወደ ከተማ በመጣች ጊዜ የምትይዘው ገንዘብም የተማረችው እጅ ሥራም አልነበራትም። ጀርባዋ ብቻ ነበራት። ስለዚህ ከሽሮ ሜዳ ተነሥታ ወደ እንጦጦ ትወጣለች፤ የለቀመችውንና የጠረገችውን በገመድ አስራ ሠላሳ ኪሎና ከዚያም በላይ ተሸክማ ቍልቍለቱን ትወርዳለች። ከደን ጠባቂው ጋር ስትገናኝ ወይ ትለምናለች፥ ወይ ትከፍላለች፥ ወይ ሸክሟን ትነጠቃለች።

ቅጠሉ ደግሞ ዋጋው ቀላል አልነበረም። በኢትዮጵያ ቤት ከሚነደው ማገዶ ከግማሽ የሚበልጠው የሚውለው ለእንጀራ ነው። ምጣድ ሰፊ ስለ ሆነ ከዳር እስከ ዳር እኩል ሊግል ይገባዋል፤ ለዚህም ቶሎ የሚንቦገቦግ እሳት ይመረጣል። ዘይት ያለው የባሕር ዛፍ ቅጠል ለዚህ ሥራ የተስማማ ነው። እንግዲህ የከተማዪቱ እንጀራ የበሰለው ባለ ርስቱ እንደ ጥራጊ በቈጠረው ነገር ነው፤ ያንንም ያቀረቡት ስማቸው በአንድም መዝገብ ያልተጻፈ ሴቶች ናቸው።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ በከተማዪቱ ዙሪያ ያለው ደን ከባለ ርስቶች እጅ ወጣ። ጭሰኝነትም ቀረ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። በደኑ መካከል ለምትመላለሰው ሴት ግን የተለወጠው የዘበኛው አዛዥ ብቻ ነበር። ቀድሞ የባለ ርስቱን ዘበኛ ትፈራ የነበረችው፥ ከዚያ በኋላ የመንግሥቱን ዘበኛ ፈራች። አባቶቻችን «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ወደ ኤሌክትሪክ ታሪክ ስንመለስ ተመሳሳይ ነገር እናገኛለን። መብራት መጀመሪያ የበራው በ1890 ዓ.ም. ገደማ በአጼ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ነው። ቀጥሎም በአቃቂ ወንዝ ላይ የአባ ሳሙኤል ማመንጫ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1930ዎቹ ዓመታት ተሠራ። በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ። በ1952 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ወንዝ ላይ የቆቃ ግድብ ተመርቆ 43 ሜጋዋት ያህል ኃይል መስጠት ጀመረ። ፋብሪካዎች ተንቀሳቀሱ፤ የማታ ትምህርት ተስፋፋ፤ ሆስፒታሎች በሌሊት ሠሩ። ይህን ሁሉ ያመጣ ኃይል ሊመሰገን ይገባዋል።

ሆኖም ኃይሉ ወደ ቤት ሲገባ የገባው በሳሎን በር ነው። ማድቤቱ ከጉልቻው ጋር ቀረ። የዚህ ምክንያቱ ክፋት ሳይሆን የአሠራሩ ጠባይ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ሺህ ዋትና ከዚያም በላይ ኃይል ይፈልጋል፤ ይህም ስልሳ ዋት የሆኑ ሃምሳ አምፖሎችን የሚያበራ ነው። አምፖል በቀጭን ሽቦ ይበራል፤ ምጣድ ግን ወፍራም መስመር ያስፈልገዋል፤ ምጣዱንም መግዣ ገንዘብ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ማሟላት የቻለው ባለ ቤት የሆነና ደመወዝ ያለው ሰው ነው። በዚያም ቤት ቢሆን እመቤቲቱ ቀድሞውኑ ሠራተኛ ቀጥራ ከጭሱ ወጥታ ነበር። በተከራየ አንድ ክፍል የምትኖረው ሴት ግን መብራቱ ከራሷ በላይ እየበራ ከታች ከሰልና ጭራሮ ታነድዳለች። ጭሱም ዓይኗንና ሳንባዋን፥ በጀርባዋ ያዘለችውን ሕፃን ጭምር ይጎዳል።

በ1980ዎቹ ዓመታት ይህን ችግር ለማቃለል የተጀመሩ ሥራዎች ነበሩ። «ላቀች» የተባለው የከሰል ምድጃና «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ተሠርተው ወጡ፤ ይህ ሁለተኛው ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ ታውቋል። በእንጦጦ ግርጌም ቀድሞ እንጨት ተሸካሚ የነበሩ ሴቶች ተደራጅተው ወደ ሽመና ሥራ ገቡ። በአገራችን ልማድ ሴት ትፈትላለች፥ ወንድ ይሸምናል፤ እነዚህ ሴቶች ከሸማኔው ጕድጓድ መቀመጣቸው ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ይሁን እንጂ ከተሸካሚዎቹ ብዛት ጋር ሲተያይ ዕድሉ የደረሰው ለጥቂቶች ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ዘመን ደርሷል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። የማመንጨት ዐቅሙ 5,150 ሜጋዋት ነው፤ ከቆቃ ጋር ቢነጻጸር ከመቶ እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ለዚህ ግድብ የመንግሥት ሠራተኛው የወር ደመወዙን፥ ነጋዴው ከትርፉ፥ የጉሊት ቸርቻሪዋ ከመቀነቷ አውጥታ ቦንድ ገዝተዋል። ቢሆንም ዛሬም ከአገራችን ሕዝብ የኤሌክትሪክ መብራት ያገኘው ግማሽ ያህሉ ነው፤ ምግቡን በእንጨት፥ በከሰልና በኩበት የሚያበስለው ቤተሰብ ግን ከአሥሩ ዘጠኝ ያህል ነው። በነዚህ በሁለቱ ቍጥሮች መካከል ያለው ልዩነት፥ መብራት ገብቶላት ጭስ ያልወጣላት ሴት መኖሯን ይነግረናል። ብዙ ተከራዮች በአንድ ቈጣሪ በሚጠቀሙበት ግቢ «ምጣድ መሰካት አይቻልም» የሚለው የአከራይ ቃል ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለም።

ከዚህም ጋር መታሰብ ያለበት ሁለተኛ ነገር አለ። እንጨት የሚሸከሙት ሴቶች ለራሳቸው ማድቤት ብቻ አይደለም የሚሸከሙት፤ ሸጠው ልጅ ያሳድጉበታል። ደን ሲጠበቅ ደስ ይለናል፤ የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ሲከፈት የተራራው አየርና ውበት ለከተማው ሕዝብ ጥቅም ውሏል። ነገር ግን ሸክሙ ሲከለከል ወይም ማገዶ የሚገዛ ሲጠፋ፥ በእንጨት ፈንታ ሌላ እንጀራ ያልተዘጋጀላት ሴት ከድካሟ ጋር ገቢዋንም ታጣለች። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ በሆነው የከተማ ታሪክ ውስጥ ማገዶ ለሴት መከራም መተዳደሪያም ሆኖ ስለ ኖረ፥ አንዱን ስናነሣላት ሌላውን ልንተካላት ይገባል።

እንዴት ሊሆን እንደሚችል ታሪካችን ራሱ ያስተምረናል። ከኃይል ለውጦች ሁሉ የሴትን ጕልበት ፈጥኖ ያሳረፈው የሞተር ወፍጮ ነው። ሴቲቱ ሌሊት ተነሥታ በድንጋይ ወፍጮ ስትፈጭ ታድር የነበረው ድካም በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ በብዙ ሥፍራ ቀረ። ወፍጮው እንዲህ የተሳካለት ለምንድን ነው? በየቤቱ ስላልተተከለ ነው። በሰፈር መካከል ቆመ፤ ድሃዪቱም እንደ ባለጸጋዋ ለፈጨችው ልክ ብቻ ሳንቲም እየከፈለች ተጠቀመችበት። መስመር መሳብም፥ ቈጣሪ ማስገባትም፥ መሣሪያ መግዛትም አላስፈለጋትም።

ለምጣድም እንዲሁ ማድረግ ይቻላል። በየሰፈሩ ወፍራም መስመር የገባለት የጋራ መጋገሪያ ቤት ቢሠራ፥ ሴቲቱ ሊጧን ይዛ መጥታ በጋገረችው ልክ ትከፍላለች። መጋገሪያ ቤቱን የማስተዳደሩ ሥራ ደግሞ እንጦጦን በእግራቸው ለሚያውቁት ሴቶች ቅድሚያ ቢሰጥ፥ ሸክሙን ያጡት ገቢውን አያጡም። ለተከራዮችም የየራሳቸው ቈጣሪ የሚገባበት ደንብ ቢወጣ፥ የአከራዩ ክልከላ ምክንያት ያጣል። እነዚህ ነገሮች ከአንድ ግድብ ወጪ ጋር ሲተያዩ ትንሽ ናቸው፤ የሚጠይቁት ከገንዘብ ይልቅ ማሰብን ነው።

አጼ ምኒልክ በማገዶ እጦት ምክንያት ከተማቸውን ለቀው ሊሄዱ ባሰቡ ጊዜ ችግሩ የመንግሥት ጉዳይ መሆኑን አወቁ፤ ስለዚህም መፍትሔ ተገኘለት። ከዚያ ወዲህ ማገዶ ከመንግሥት ጉዳይነት ወጥቶ የጓዳ ጉዳይ ሆነ፤ ሸክሙም በጓዳ ባለቤት ላይ ቀረ። የአባይ ውሃ ብርሃን በሆነበት በዚህ ዘመን በየመሥሪያ ቤቱ ዕቅድ የምናወጣ ሰዎች የተዘረጋውን መስመር ርዝመት በመዝገብ ስንጽፍ፥ ከጎኑ ስንት ጉልቻ እንደ ጠፋና ስንት ሴት ከሸክም እንደ ወረደች የምንጽፍበት ዓምድ ልንጨምር ይገባናል።