የአንዲት «ን» ነገር

በየመሥሪያ ቤቱ በሚጻፉ ደብዳቤዎች ላይ «አመተ ምህረት» የሚል ጽሕፈት ማየት የተለመደ ሆኗል። በግእዝ «ዓመት» ዘመን ሲሆን «አመት» ግን ገረድ ማለት ስለ ሆነ፣ እንዲህ የጻፈው ሰው ሳያውቀው ደብዳቤውን ለምሕረት ገረድ ሰጥቶታል። ሊቃውንቱ ይህን ሲያዩ ያዝናሉ። ወጣቶቹ ደግሞ «ሲነበብ ያው ነው፤ ማንን ይጎዳል?» ይላሉ። ጥያቄው የሚናቅ ስላልሆነ ጥቂት ልንመረምረው አሰብን።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ካረፉ በኋላ በ1948 ዓ.ም. የታተመው ታላቁ መዝገበ ቃላታቸው፣ ሞክሼዎቹ ፊደላት እያንዳንዳቸው በየቦታቸው እንዲጻፉ አጥብቆ ያስተምራል። ሀዲስ ዓለማየሁ ግን በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ሞክሼዎቹን ቀንሰው ጽፈዋል፤ አንባቢም በዚህ ምክንያት አንዲት ቃል አልጠፋችበትም። በግእዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ «ሰረቀ» ደግሞ ሌባ ሆነ ማለት መሆኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ አንድ ተማሪ «ፀሓይ ሰረቀች» ብሎ ቢጽፍ፣ ፀሓይን በሌብነት የሚከስ ዳኛ አይገኝም። አንባቢው በልቡ አርሞት ያልፋል።

ነገሩ ከፊደል አልፎ ከግሥ ላይ በደረሰ ጊዜ ግን እንዲህ ቀላል አይሆንም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው የውጫሌ ውል በ17ኛው አንቀጽ፣ አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮጳ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ ኢጣልያንኛው ይህንኑ እንደ ግዴታ አድርጎ አስቀመጠው። ስሕተትም ይሁን ተንኰል፣ ምኒልክ አማርኛውን እንጂ ባዕዱን ገጽ ራሳቸው አንብበው ሊያርሙ አልቻሉም ነበር። በ1885 ዓ.ም. ውሉን መሻራቸውን አስታወቁ፤ ነገሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ በደም ተቈረጠ። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው ውል ነው የውጫሌው ፈርሶ የኢትዮጵያ ነጻነት በግልጽ የታወቀው።

ንጉሥ እንኳ የማያነበው ገጽ ይህን ያህል ካስቸገረው፣ የባላገሩ እንዴት ይሆን? በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ125ኛው አንቀጽ አማርኛን የመንግሥቱ ቋንቋ አደረገ። ስለዚህ በሪራ የሚኖር ኦሮሞ አቤቱታ ቢኖረው፣ የሰነቴን ብርድ ተሻግሮ ወደ ጎባ መጥቶ፣ ማመልከቻውን ለሚጽፍለት ሰው ገንዘብ ከፍሎ፣ ራሱ በማያነበው ቋንቋ ያስጽፍ ነበር። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. ባሌን ላናወጠው ዐመፅ የመሬትና የግብር በደል ከታወቁት ምክንያቶች ውስጥ መሆኑን ስናስታውስ፣ ያ ወረቀት ምን ያህል ነገር ተሸክሞ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

በዚህ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ነገር ተቃራኒ ናቸው። በአማርኛ ምልክት የሚሸከመው ተሳቢው ነው፤ «ሰውየውን» እንላለን፤ ባለቤቱ ግን ያለ ምልክት ይቆማል። በኦሮምኛ «ነመ» ማለት ሰው ነው፤ ተሳቢ ሲሆን እንዳለ ይቀራል፤ ባለቤት ሲሆን ግን «ነምኒ» ይሆናል። እንግዲህ አፉን በኦሮምኛ የፈታ ሰው አማርኛ ሲጽፍ «ን»ን ቢረሳት፣ ከስንፍና የመጣ አይደለም፤ የእናቱ ቋንቋ ተሳቢን ምልክት አልባ አድርጎ ስላስለመደው ነው። በእርግጥ አማርኛ አፋቸውን የፈቱትም ይረሷታል፤ ለእነርሱ ግን ይህ ምክንያት የላቸውም።

ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በባሌ የመሥሪያ ቤቶች ሥራ በኦሮምኛ፣ በቁቤ እየተጻፈ ስለሚካሄድ፣ ባለጉዳዩ የራሱን ወረቀት በራሱ ቋንቋ ሊያነብ ችሏል። ወደ ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የሚላከው ግን አሁንም በአማርኛ ነው፤ እኛም የተሳሳትነው በዚሁ በኩል ነበር።

ከዓመታት በፊት ከሪራ አካባቢ አንድ ደብዳቤ ደረሰን። የክርክሩ ምክንያት በሐረና ጫካ ውስጥ የተሰቀሉ የንብ ቀፎዎች ነበሩ። ደብዳቤው «ባላገሩ ወንድሙ ከሰሰ» ይላል። ግርጌው ላይ «አመተ ምህረት» የሚል አየንና፣ ቀይ እስክሪብቶ አንሥተን «ዓመተ ምሕረት» ብለን በታላቅ ጥንቃቄ አረምነው። «ወንድሙን» መባል የነበረበትን ግን አላስተዋልንም። ከሳሹ ወንድምየው መስሎን ለሽማግሌው የተከሳሽ መጥሪያ ጻፍን፤ ለወንድማቸውም ከሳሽ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ላክን።

ሽማግሌው ከሳምንታት በኋላ ጋቢያቸው በዝናብ ርሶ መጡ። መጥሪያውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛችን ላይ ዘረጉትና፣ «ልጄ፣ የተወሰደው የእኔ ቀፎ ነው፤ እኔን ማን ከሰሰኝ?» ብለው ጠየቁን። መዝገቡን አውጥተን በቀይ ያረምነውን እያየን ቆየን። «አባቴ፣ ይቀመጡ» ብለን ወንበር ሳብንላቸው፤ መጥሪያውንም እንደ ገና ጻፍነው።